ጸሐፌ ትዕዛዝ አክሊሉ ሀብተ ወልድ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እ.ኤ.አ. ካልተባለ በቀር ከዚህ በታች ያለው ዘመን ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ነው።

አክሊሉ ሀብተ ወልድ ማን ናቸው?

የኢትዮጵያ ጠቅላይ ሚኒስትር ነበሩ። ከሚያዝያ 1953 እስከ የካቲት 1966፣ ወደ 13 ዓመት ገደማ በቦታው ቆይተዋል። ከዚያ በፊት ደግሞ ጣሊያን ከአገራችን ከወጣ ማግሥት ጀምሮ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር በምክትልነት፣ ኋላም በሚኒስትርነት ሠርተዋል።

ብዙ ሰው የሚያውቃቸው በአሟሟታቸው ነው። ኅዳር 14 ቀን 1967 ሌሊት ከተረሸኑት ባለሥልጣናት አንዱ ናቸው። እኔ ግን ሰው መጀመሪያ ሥራቸውን ቢያውቅ እወዳለሁ። የሕግ ሰው ነበሩ። ዕድሜያቸውን ሙሉ የአገራቸውን ጉዳይ ይዘው በዓለም ጉባኤ ፊት ሲከራከሩ ኖረው፣ በመጨረሻ ለራሳቸው ሕይወት አንዲት ቃል የሚከራከሩበት ችሎት አላገኙም።

ከዶክተር አክሊሉ ሀብቴ ጋር አንድ ሰው ናቸው?

አይደሉም። ዶክተር አክሊሉ ሀብቴ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት የነበሩ የትምህርት ሰው ናቸው። ከእንዶድ ምርምር ጋር ስማቸው የሚነሳው ደግሞ ዶክተር አክሊሉ ለማ ናቸው። ሦስቱም በአንድ ዘመን ስለኖሩ ሰው ያምታታቸዋል።

የት ተወለዱ? የመኳንንት ልጅ ነበሩ?

መጋቢት 3 ቀን 1904 አዲስ አበባ ተወለዱ። አባታቸው አለቃ ሀብተ ወልድ ሀብተነህ የቡልጋ ሰው፣ ካህን ነበሩ። ቤቱ የመኳንንት ቤት አልነበረም። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ወደ በኋላ በቤተ መንግሥት ለገጠማቸው ነገር ሁሉ ሥሩ እዚህ ነው። በዚያ ዘመን ትልቅ ወንበር ላይ የሚቀመጠው አብዛኛውን ጊዜ የራስ ወይም የደጃዝማች ልጅ ነው። እሳቸው የወጡት በትምህርት ነው።

የተማሩት መጀመሪያ ዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ነው። ከዚያ ግብፅ ሄደው እስክንድርያ በሚገኘው የፈረንሳይ ሊሴ፣ ቀጥሎም ፓሪስ ሕግ አጠኑ። ታላቅ ወንድማቸው መኮንን ሀብተ ወልድ የሀገር ፍቅር ማኅበርን ያቋቋሙት ናቸው፤ ዛሬም ፒያሳ አካባቢ ያለው የሀገር ፍቅር ቴአትር የዚያ ማኅበር ልጅ ነው። ሌላው ወንድማቸው አካለ ወርቅም በሚኒስትርነት ሠርተዋል። ሦስት የካህን ልጆች፣ ሦስቱም ሚኒስትሮች።

«ጸሐፌ ትዕዛዝ» ስማቸው ነው ወይስ ማዕረጋቸው?

ማዕረግ ነው። የንጉሠ ነገሥቱን ትእዛዝ የሚጽፍና ማኅተሙን የሚጠብቅ ሹም ማለት ነው። ማዕረጉ የቆየ ነው፤ በምኒልክ ዘመን ጸሐፌ ትዕዛዝ ገብረ ሥላሴ ነበሩ። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ደግሞ ጸሐፌ ትዕዛዝ ወልደ ጊዮርጊስ ወልደ ዮሐንስ በዚህ ወንበር ተቀምጠው ከንጉሡ ቀጥሎ የሚፈሩ ሰው ሆኑ። በ1947 ከቦታቸው ተነስተው አርሲን እንዲገዙ ተላኩ።

ወረቀት መጻፍ ብቻ ይመስላል፤ አይደለም። ማኅተሙ ያለበት ሰው ማን ንጉሡ ፊት እንደሚደርስ፣ የትኛው ደብዳቤ ዛሬ፣ የትኛው ከወር በኋላ እንደሚነበብ ያውቃል። አክሊሉ የጽሕፈት ሚኒስትርነቱን ከጠቅላይ ሚኒስትርነቱ ጋር ደርበው የያዙበት ጊዜ ነበር።

ጣሊያን ኢትዮጵያን ሲወር የት ነበሩ?

ፓሪስ። ገና የሃያዎቹ ወጣት ናቸው። በፓሪስ በኢትዮጵያ ለጋሲዮን (ከኤምባሲ ዝቅ ያለ የመልእክተኛ መሥሪያ ቤት) እየሠሩ፣ ለመንግሥታቱ ማኅበር ጉዳይ ጄኔቭ ይመላለሱ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ሰኔ 23 ቀን 1928 ጄኔቭ ላይ ያን የታወቀ ንግግር ባደረጉበት ጊዜ የኢትዮጵያ ዲፕሎማሲ በጣት የሚቆጠሩ ሰዎች ሥራ ነበር፤ አክሊሉ ከነሱ አንዱ ናቸው። ኋላም የለጋሲዮኑ ጉዳይ ፈጻሚ ሆነው ቀሩ።

እስቲ አስቡት። አገሪቱ ተይዛለች፤ መንግሥታት አንድ በአንድ ለጣሊያን ቄሳር ዕውቅና እየሰጡ ነው። አንድ ወጣት ግን የሌለ በሚመስል መንግሥት ስም ደብዳቤ ይጽፋል፣ ደጅ ያንኳኳል። ሰኔ 1932 ጀርመኖች ፓሪስ ሲገቡ እሳቸውም ከከተማዋ ወጡ፤ አገራችን ነፃ ከወጣች በኋላም ወደ ቤታቸው ተመለሱ።

ባለቤታቸው ፈረንሳዊት ነበሩ?

አዎ። ኮሌት ቫላድ ይባላሉ።

ከጣሊያን ነፃ ወጥተን ሳለ ከእንግሊዝ ጋር ምን የሚያከራክር ነገር ነበር?

ብዙ። ጣሊያንን ለማስወጣት የረዳው የእንግሊዝ ጦር ቶሎ የሚሄድ እንግዳ አልሆነም። ጥር 1934 የተፈረመው ስምምነት ነፃነታችንን ቢያውቅም እጅ የሚያስር ነበር። የእንግሊዙ መልእክተኛ ከሌሎች አገር መልእክተኞች ሁሉ ቀዳሚ ነው ተብሎ በውል ተጽፏል፤ የትም ግብዣ፣ የትም ሥነ ሥርዓት መጀመሪያ የሚቀመጠው እሱ ነው። የጅቡቲው ባቡር በእንግሊዝ እጅ ነው። ገበያው ውስጥ የሚዘዋወረው የእንግሊዝ ምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ ነው። ኦጋዴን በእንግሊዝ ወታደራዊ አስተዳደር ሥር ነው።

በ1937 መጀመሪያ ላይ ሎርድ ደ ላ ዋር የሚባሉ የእንግሊዝ መልእክተኛ አዲስ አበባ መጥተው ድርድር ተከፈተ። ከኢትዮጵያ ወገን የድርድሩን ሸክም የተሸከሙት አክሊሉና አሜሪካዊው የሕግ አማካሪ ጆን ስፔንሰር ናቸው። ታኅሣሥ 10 ቀን 1937 አዲስ ስምምነት ተፈረመ። ባቡሩ ተመለሰ፤ የእንግሊዙ መልእክተኛ ቀዳሚነት ቀረ። በዚያው ዓመት ሐምሌ የራሳችን ብር ወጣ። ኦጋዴን ግን ገና ነበር።

ከጣሊያን ጋር የተደረገው የሰላም ውል ላይ ምን ሠሩ?

እ.ኤ.አ. በ1946 የፓሪሱ የሰላም ጉባኤ ላይ የኢትዮጵያን ልዑካን የመሩት እሳቸው ናቸው። በተማሩበት ከተማ፣ በለመዱት ቋንቋ። በየካቲት 1939 በተፈረመው ውል ጣሊያን ቅኝ ግዛቶቿን ለቀቀች፣ ለኢትዮጵያ 25 ሚሊዮን ዶላር ካሳ ልትከፍል ተስማማች፣ የዘረፈችውንም ቅርስ በ18 ወር ውስጥ ልትመልስ ቃል ገባች።

የአክሱም ሐውልት የተመለሰው ሚያዝያ 1997 ነው። ሮም ላይ በተከራከርን ቁጥር መንግሥታችን ይዞት የሚቀርበው ያው የ1939ኙ ውል ነበር። አክሱም ሄዳችሁ ያን ድንጋይ ቀና ብላችሁ ስታዩ ከበስተኋላው አንድ የውል አንቀጽ እንዳለ አስታውሱ።

ኤርትራ ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን የተዋሐደችው በእሳቸው ጥረት ነው?

በእሳቸው ብቻ አይደለም። በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የኢትዮጵያን ጉዳይ ከያዙት ሰዎች ግን ዋናው እሳቸው ነበሩ። ነገሩ ረጅም ነው። በ1941 የእንግሊዙ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ቤቪንና የጣሊያኑ አቻቸው ስፎርዛ አንድ ዕቅድ ይዘው መጡ፤ የኤርትራ ምዕራብ ለሱዳን፣ የቀረው ለኢትዮጵያ እንዲሆን። ዕቅዱ ሊቢያንና ሶማሊያንም አንድ ላይ ያሰረ ነበር። ጠቅላላ ጉባኤው ላይ የሊቢያ ክፍል የሆነችው የትሪፖሊታኒያ አንቀጽ በአንድ ድምፅ ጎድሎ ወደቀ። ያችን ድምፅ የከለከሉት የሄይቲው መልእክተኛ ኤሚል ሴንት ሎ ናቸው። አንቀጹ ሲወድቅ የኤርትራም ነገር አብሮ ወደቀ። ዓመታት የተለፋበት ሥራ በአንድ ከሰዓት በኋላ ባዶ ቀረ።

ከዚያ እንደገና ተጀመረ። ከአምስት አገሮች የተውጣጣ ኮሚሽን ኤርትራ ሄዶ የሕዝቡን ሐሳብ አጠና፤ አባላቱ ራሳቸው ሳይስማሙ ተመለሱ። የላቲን አሜሪካ አገሮች ድምፅ ብዙ ነበር፣ ብዙዎቹም ለጣሊያን ያደሉ ነበር። እነሱን አንድ በአንድ ማናገር ያስፈልግ ነበር። በመጨረሻ ኅዳር 23 ቀን 1943 ፌዴሬሽኑ በ46 ድጋፍ፣ በ10 ተቃውሞና በ4 ድምፀ ተዓቅቦ ጸደቀ። ሥራ ላይ የዋለው በመስከረም 1945 ነው።

አንድ ነገር ሳልጽፍ ማለፍ አልፈልግም። ኤርትራ ውስጥ ከኢትዮጵያ ጋር መዋሐድን የሚፈልግ ትልቅ ወገን እንደነበረ ሁሉ ነፃነትን የሚፈልግም ትልቅ ወገን ነበር። ለዚያ ወገን ይህ ድል ሽንፈት ነው። ፌዴሬሽኑ የመሐል መንገድ ነበር። ኤርትራ የራሷ ምክር ቤት፣ የራሷ ሰንደቅ ዓላማ፣ የራሷ አስተዳደር ነበራት።

ታዲያ ፌዴሬሽኑ የፈረሰው በእሳቸው ጊዜ አይደለም?

በእሳቸው ጊዜ ነው። ኅዳር 5 ቀን 1955 ፌዴሬሽኑ ቀርቶ ኤርትራ እንደ ሌሎቹ ጠቅላይ ግዛት ስትሆን ጠቅላይ ሚኒስትሩ አክሊሉ ናቸው። መሸርሸሩ የጀመረው ቀደም ብሎ ነው። የኤርትራ ሰንደቅ ዓላማ የወረደው በ1951 ነው፤ የመጀመሪያው የትጥቅ ተኩስ የተሰማው ደግሞ በ1953 መጨረሻ፣ ሐሚድ እድሪስ አዋቴ ጫካ ሲገቡ ነው።

ውሳኔው የንጉሠ ነገሥቱ ነበር። ቢሆንም በዚያ ወንበር ላይ ተቀምጠው ሳለ የሆነ ነገር ስለሆነ ከተጠያቂነቱ ድርሻ አላቸው ብዬ አምናለሁ። ሥራውን ከማንም በላይ የሚያውቁት እሳቸው ነበሩ። ፌዴሬሽኑ በስንት ድካም፣ በስንት ድምፅ እንደተገኘ በዓይናቸው አይተዋል። 46 አገር የመሰከረለት ውል ሲፈርስ ከተከተለው የ30 ዓመት ጦርነት አንጻር ይህ በታሪካቸው ውስጥ ከሁሉም የሚከብደው ቦታ ነው።

ኦጋዴንና ሐውድ እንዴት ተመለሱ?

አብዛኛውን ኦጋዴን እንግሊዞች በ1940ዎቹ መጀመሪያ ላይ ለቀቁ። ከእንግሊዝ ሶማሊላንድ ጋር የሚዋሰነው የሐውድ ግጦሽ መሬትና ኢትዮጵያ በስምምነት ለጊዜው ለእንግሊዝ አስተዳደር የተወችው ቀሪው መሬት ግን በእንግሊዝ እጅ ቆየ። በኅዳር 1947 ለንደን ላይ ስምምነት ተፈርሞ በዚያው ዓመት የካቲት ተመለሰ። ያኔ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ አክሊሉ ነበሩ። አንድ ጥይት አልተተኮሰበትም።

የስዊዝ ካናል ጉዳይ ላይም ነበሩበት ይባላል። እውነት ነው?

እውነት ነው። በ1948 ክረምት ናስር ካናሉን ሲወርሱ ለንደን ላይ ጉባኤ ተጠራ። ጉባኤው ናስርን የሚያነጋግር የአምስት አገር ቡድን መረጠ፤ አውስትራሊያ፣ አሜሪካ፣ ስዊድን፣ ኢራንና ኢትዮጵያ። የቡድኑ መሪ የአውስትራሊያው ጠቅላይ ሚኒስትር ሜንዚስ ነበሩ፣ የኢትዮጵያው ሰው አክሊሉ። ካይሮ ሄዱ፣ ናስርን አነጋገሩ፣ ናስር አልተቀበሉም። ግብፅ የተማሩ፣ የአባይን ነገር የሚያውቁ ሰው በዚያ ጠረጴዛ ላይ መቀመጣቸው ለአገራችን ቀላል ነገር አልነበረም።

የመጀመሪያው ጠቅላይ ሚኒስትር እሳቸው ናቸው?

አይደሉም። ከነፃነት በኋላ የመጀመሪያው ራስ ቢትወደድ መኮንን እንዳልካቸው ናቸው። ቀጥሎ ራስ አበበ አረጋይ መጡ። ራስ አበበ በ1953ቱ የታኅሣሥ ግርግር ተገደሉ፤ በቦታቸው ከጥቂት ወራት በኋላ አክሊሉ ተሾሙ።

በታኅሣሡ ግርግር ወንድማቸው ሞተዋል የሚባለው እውነት ነው?

አዎ፣ መኮንን ሀብተ ወልድ። ንጉሠ ነገሥቱ ብራዚልን ሲጎበኙ እነ ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ መፈንቅለ መንግሥት ሞከሩ። ሙከራው ሲከሽፍ በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት አረንጓዴው ሳሎን ውስጥ ታግተው የነበሩትን ባለሥልጣናት በመትረየስ ፈጇቸው። መኮንን ከነሱ መሐል ነበሩ። ገነተ ልዑል ዛሬ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ስድስት ኪሎ ግቢ ነው። ተማሪዎች በየቀኑ በሩ ላይ ያልፋሉ።

አክሊሉ ጠቅላይ ሚኒስትር የሆኑት የወንድማቸው አፈር ሳይደርቅ ነው።

የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ሲመሠረት ድርሻቸው ምን ነበር?

ግንቦት 17 ቀን 1955 ድርጅቱ አዲስ አበባ ላይ ሲመሠረት ጠቅላይ ሚኒስትሩ እሳቸው ነበሩ። መሪዎቹን አንድ ለማድረግ የሮጡት ግን በዋናነት የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ከተማ ይፍሩ ናቸው። ለእሳቸው የሚገባውን ለእሳቸው መስጠት ደግ ነው።

ጠቅላይ ሚኒስትር ሲሆኑ እውነተኛ ሥልጣን ነበራቸው?

ይህ ከባዱ ጥያቄ ነው። በ1948ቱ ሕገ መንግሥት ሚኒስትሮች ተጠሪነታቸው ለንጉሠ ነገሥቱ ነው። ጠቅላይ ሚኒስትሩንም፣ ሚኒስትሮቹንም የሚሾሙት የሚሽሩት ንጉሡ ናቸው። አንድ ሚኒስትር ጠቅላይ ሚኒስትሩን አልፎ በቀጥታ ንጉሡ ዘንድ ገብቶ ጉዳዩን ያስፈጽማል። ሥራው ሁሉ ደጅ መጥናት ነው። እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ ጠቅላይ ሚኒስትር ቤተሰቡ ሳይሰማው የሚናገር ታላቅ ወንድም ማለት ነው።

መጋቢት 1958 ላይ ንጉሠ ነገሥቱ ጠቅላይ ሚኒስትሩ የራሱን ሚኒስትሮች መርጦ እንዲያቀርብ ፈቀዱ። በፈረንጅ አቆጣጠር ይህ 1966 ነው። አክሊሉ ከሥልጣን የለቀቁት ደግሞ በእኛ 1966 ነው። ስለዚህ ኢንተርኔት ላይ «በ1966 ሥልጣናቸው ሰፋ» እና «በ1966 ለቀቁ» የሚሉ ጽሑፎች ብታገኙ ሁለቱም ልክ ናቸው፤ ልዩነቱ የዘመን አቆጣጠሩ ነው። ፈቃዱ በወረቀት ላይ ትልቅ ለውጥ ነበር። በሥራ ግን የመጨረሻው ቃል ከቤተ መንግሥት አልወጣም።

እንዲህም ሆኖ የሚነቀፉበት ነገር አለ። ተማሪው የካቲት 1957 «መሬት ለአራሹ» ብሎ ወጣ። የጭሰኛውን ኑሮ የሚያሻሽል ረቂቅ ሕግ ፓርላማ ውስጥ ገብቶ ባለ መሬቶቹ በተቀመጡበት ምክር ቤት ሲንከባለል ቀረ። ውጭ አገር ድምፅ በድምፅ ለቅመው ያሸነፉ ሰው እዚህ ቤታቸው ውስጥ ያን አላደረጉም። ያን ቢያደርጉ ኖሮ ብዬ የማስብበት ጊዜ አለ።

ከመኳንንቱ ጋር ይጣሉ ነበር?

ፉክክሩ የታወቀ ነው። በአንድ ወገን እንደ አክሊሉ በትምህርት የወጡ ሰዎች ነበሩ። በሌላው ወገን የዘውድ ምክር ቤቱን ፕሬዚዳንት ራስ አስራተ ካሳን የመሰሉ የትልቅ ቤት ልጆች። ልጅ እንዳልካቸው መኮንንም ከዚሁ ወገን ይቆጠራሉ። አባታቸው የመጀመሪያው ጠቅላይ ሚኒስትር ናቸው፤ እሳቸው ኦክስፎርድ የተማሩ፣ ለተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊነት የተወዳደሩ ሰው። ንጉሠ ነገሥቱ ሁለቱን ወገን እያመዛዘኑ ነበር የሚገዙት። ንጉሡ ሲያረጁ ሚዛኑን የሚይዝ እጅ ጠፋ።

ለወሎ ረሃብ ተጠያቂ ናቸው?

በ1965 ወሎና ትግራይ ውስጥ ሕዝብ በረሃብ አለቀ። መንግሥት ያውቅ ነበር፤ ግን ለዓለም ለመናገር አፈረ። አንድ የእንግሊዝ ጋዜጠኛ በ1966 መጀመሪያ ላይ ያሳየው ፊልም እስኪወጣ ድረስ ነገሩ ተሸፋፍኖ ቆየ። ካቢኔውን የሚመሩት አክሊሉ ነበሩ። በዚህ ላይ ማስተባበያ መፈለግ አልችልም። መንገድ ዳር ለወደቀው የወሎ ገበሬ ሥልጣኑ የንጉሡ ነው የሚለው ክርክር ምን ያደርግለታል? ካቢኔውም ተጠያቂ ነው።

ተጠያቂ መሆንና ያለ ፍርድ መገደል ግን ሁለት ነገር ናቸው።

በ1966 ለምን ለቀቁ? ተባረሩ?

ራሳቸው ለቀቁ፤ ግን ተከበው ነው የለቀቁት። ነገሩ የጀመረው ጥር ወር ላይ ነገሌ ቦረና ነው። የወታደሮቹ የውሃ ጉድጓድ ተበላሽቶ ነበር፣ መኮንኖቹ ደግሞ ከራሳቸው ጉድጓድ አላጠጣ አሉ። ምግቡም የማይበላ ነበር። ወታደሩ አመፀ። ጉዳዩን ሊያጣሩ የተላኩትን ጄኔራል ድረሴ ዱባለን ያዙና ያንኑ ምግብ አብሉዋቸው፣ ያንኑ ውሃ አጠጡዋቸው። አንድ ዘውድ በአንድ የውሃ ፓምፕ መነቃነቅ ጀመረ።

የካቲት ሲገባ ነዳጅ ተወደደ፤ የካቲት 11 ቀን ታክሲዎች ቆሙ። መምህራን «ሴክተር ሪቪው» የተባለውን የትምህርት ዕቅድ ተቃውመው ሥራ አቆሙ። ተማሪው ወጣ። የነዳጁ ዋጋ ተቀነሰ፣ የትምህርት ዕቅዱም ለጊዜው እንዲዘገይ ተደረገ፤ ግን ጊዜው አልፎ ነበር። አሥመራ ላይ ሁለተኛው ክፍለ ጦር አዛዦቹን አሠረ። የካቲት 20 ቀን አክሊሉ ከነካቢኔያቸው መልቀቂያ አስገቡ። በማግሥቱ ልጅ እንዳልካቸው ተሾሙ።

«ባይለቁ ኖሮ አብዮቱ ይቀር ነበር ወይ?» የሚል ጥያቄ ሁልጊዜ ይመጣል። እኔ አይመስለኝም። ወታደሩ ቀድሞ ወጥቶ ነበር።

መቼ ታሰሩ? በምን ተከሰሱ?

ሚያዝያ 18 ቀን 1966 ከቀድሞ ሚኒስትሮቻቸው ጋር ታሰሩ። አልተከሰሱም። የባለሥልጣናቱን ጥፋት የሚያጣራ መርማሪ ኮሚሽን ተቋቁሞ ነበርና አክሊሉ በእስር ቤት ሆነው የሥራ ዘመናቸውን የሚመለከት ረጅም የጽሑፍ ቃል ለዚያ ኮሚሽን አዘጋጁ። ጽሑፉ በኋላ በመጽሐፍ ወጥቷል። ማስረጃ መጻሕፍት በሌሉበት፣ በትዝታ ብቻ የተጻፈ ነው። አንብቡት። የሕግ ሰው ምን ጊዜም ችሎት ይጠብቃል፤ እሳቸውም ጉዳዩ ተሰምቶ የሚፈረድ መስሏቸው ነበር።

እንዴት ተገደሉ?

ኮሚሽኑ ሥራውን ሳይጨርስ፣ ኅዳር 14 ቀን 1967 ደርግ ተሰብስቦ እጅ በማውጣት ወሰነ። ቅዳሜ ነበር። ባለሥልጣናቱ ከታሰሩበት ወጥተው ወደ አዲስ አበባ ወህኒ ቤት፣ ሕዝቡ ከርቸሌ ወይም «ዓለም በቃኝ» ወደሚለው፣ ተወሰዱ። እዚያው በጥይት ተገደሉ፤ እዚያው በጅምላ ጉድጓድ ተቀበሩ። ቤታቸው ውስጥ ሲዋጉ ከሞቱት ጄኔራል አማን አንዶም ጋር ስልሳ ሰው። ከነሱ መሐል ልጅ እንዳልካቸውም አሉ። ራስ አስራተም አሉ። ሲፎካከሩ የኖሩ ሰዎች በአንድ ሌሊት፣ በአንድ ጉድጓድ። የአክሊሉ ወንድም አካለ ወርቅም እዚያው ናቸው። ከሦስቱ የአለቃ ሀብተ ወልድ ልጆች አንዱም በአልጋው ላይ አልሞተም።

በማግሥቱ እሑድ፣ የነቢያት ጾም በገባበት ቀን፣ ሬዲዮ «ፖለቲካዊ ውሳኔ» ብሎ ስማቸውን አነበበ። እናቴ ያኔ ልጅ ነበረች። አያቴ ጀበናውን ከእሳት ላይ አውርዳ፣ ቡናውን ሳትቀዳ፣ ስሞቹ እስኪያልቁ ድረስ ቆማ እንደሰማች ትነግረኛለች። ያን ቀን በቤታቸው ቡና አልተጠጣም።

የት ተቀበሩ?

ደርግ ከወደቀ በኋላ አጽማቸው ከጅምላው ጉድጓድ ወጥቶ በአዲስ አበባ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ግቢ ከሌሎቹ ጋር በክብር ዐረፈ። መታሰቢያው እዚያው ይገኛል። ከርቸሌ ፈርሶ ቦታው ላይ በ2004 የአፍሪካ ኅብረት ዋና መሥሪያ ቤት ተመርቋል።

በግድያው የተጠየቀ ሰው አለ?

አለ። የደርግ አባላት ክስ በታኅሣሥ 1987 ተከፈተ፤ የባለሥልጣናቱ ግድያ ከክሶቹ አንዱ ነበር። ክርክሩ 12 ዓመት ፈጀ። ተከሳሾቹ ጠበቃ ቆመላቸው፣ ምስክር ተሰማላቸው፣ መቃወሚያ አቀረቡ። ታኅሣሥ 1999 ጥፋተኛ ተባሉ። ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም በሌሉበት በጥር 1999 ዕድሜ ልክ፣ በይግባኝ ደግሞ በግንቦት 2000 ሞት ተፈረደባቸው። እሳቸው ዚምባብዌ ናቸው። እስር ላይ የነበሩት የሞት ፍርዳቸው ወደ ዕድሜ ልክ ተለውጦላቸው፣ በ2004 ብዙዎቹ ሃያ ዓመት ታስረው ወጥተዋል።